ፎጣውን የሚጨርሰው መኪናው ሳይሆን አጠባው ነው

ሮብ ገበያ ስሟን ያገኘችው ከገበያ ቀኗ ነው። ከደብረ ማርቆስ በስተሰሜን በጮቄ ተራራ አቅጣጫ የምትገኘው ይህች የስናን ወረዳ ዋና ከተማ ረቡዕ በመጣ ቁጥር ድንቹንና ገብሱን ይዞ የሚመጣውን ገበሬ፣ ባዶ አይሱዙ ይዞ የሚጠብቀውን ነጋዴና ሁለቱን የሚያስማማውን ደላላ በአንድ ሜዳ ታገናኛለች። ገበያው ሲበተን ጭነቱ ወደ ደብረ ማርቆስ ይወርዳል፤ ከጭነቱ ጋር በክረምት ጭቃው፣ በበጋ አቧራው አብሮ ይወርዳል። የነጋዴው ገበያ የሚያበቃው በዚህ ሲሆን የመኪና አጣቢው ገበያ የሚጀምረው ደግሞ ከዚህ በኋላ ነው።

በተለምዶ «ላቫጆ» የሚባለው የመኪና እጥበት በአነስተኛ ካፒታል ሊጀመሩ ከሚችሉ የአገልግሎት ሥራዎች አንዱ በመሆኑ በየከተማው በማኅበር የተደራጁም ሆኑ በግላቸው የሚሠሩ ወጣቶች ይሰማሩበታል። ሥራውን የሚጀምር ሰው ስለ ውኃው፣ ስለ ፓምፑና ስለ ቦታ ኪራዩ አብዝቶ ይጨነቃል። ከእጁ የማይለየውን ፎጣ ግን እንደ ንብረት የሚቆጥረው ከስንት አንዱ ነው። የጥጥ ጨርቁን እየተካ የመጣው የማይክሮፋይበር ፎጣ ደግሞ እንደ ጥጥ ሲታጠብ ዕድሜው ያጥራል፤ የመኪናውንም ቀለም ያበላሻል። ኪሳራው በአንድ ቀን የማይታይ በመሆኑ መዝጋቢ አላገኘም እንጂ ሲደመር ቀላል አይደለም።

ጋቢና ማይክሮፋይበር

የስሕተቱ ሁሉ ምንጭ ፎጣውን እንደ ጋቢ ማየት ነው። ጋቢ ጥጥ ነው። የጥጥ ክር ውኃን ወደ ውስጡ ስቦ ያብጣል፤ የፈላ ውኃና ጠንካራ ሳሙናም ይችላል። ማይክሮፋይበር ግን ከነዳጅ ዘይት ተዋጽኦ የሚሠራ ሰው ሠራሽ ክር ነው። አብዛኛውን ጊዜ 80 በመቶው ፖሊስተር፣ 20 በመቶው ፖሊአማይድ፣ ማለትም ናይለን ነው፤ 70 በ30 የሆነም አለ። «ማይክሮ» የሚለው ስያሜ የሚሰጠው 1 ዴኒየር ለማይሞላ ክር ሲሆን፣ ይህም ማለት 9,000 ሜትር ርዝመት ያለው ክር ቢመዘን ክብደቱ 1 ግራም አይደርስም። ለዚህ ቴክኖሎጂ ፈር ከቀደዱት አንዱ የጃፓኑ ቶሬይ ኩባንያ ሲሆን፣ ከእንዲህ ዓይነቱ ረቂቅ ክር ቆዳ መሰል ጨርቅ የሠራው እ.ኤ.አ. በ1970 ነው።

በጥሩ ፎጣ ላይ እያንዳንዱ ክር በፋብሪካ ተሰነጣጥቆ ጠርዝ ጠርዝ ያወጣ ነው። ውኃው ወደ ክሩ ውስጥ አይገባም፤ በክሮቹ መካከል ባለው ጠባብ ክፍተት ተይዞ ይቀራል። አቧራውም እንደዚሁ ከቀለሙ ላይ ተነስቶ ወደ ክፍተቱ ይገባል። እንግዲህ ገዢው ገንዘብ የሚከፍለው ለክሩ ብቻ ሳይሆን በክሮቹ መካከል ላለው ባዶ ቦታ ጭምር ነው። ይህ ክፍተት በስብ፣ በሳሙና ቅሪት ወይም በሰም ከተደፈነ፣ ወይም የክሩ ጠርዝ በሙቀት ከደነዘ፣ ፎጣው ሳይቀደድ ሥራውን አቁሟል። ሲያዩት ደህና ይመስላል፤ ውኃ ሲያስነኩት ግን ውኃውን ወዲያና ወዲህ ይገፋል እንጂ አይጠጣም።

ዕድሜውን የሚያሳጥሩ አምስት ልማዶች

የመጀመሪያው ሙቀት ነው። ናይለን በ50 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ፣ ፖሊስተር ደግሞ ከ70 ዲግሪ ጀምሮ ግትርነታቸውን እያጡ ይሄዳሉ። ለመቅለጥ ከ200 ዲግሪ በላይ የሚያስፈልጋቸው ቢሆንም፣ የረቀቀው ጠርዝ ቅርጹን ለማጣት እስከዚያ መድረስ የለበትም። ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ ባላት ደብረ ማርቆስ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ከፍ ባለው በሮብ ገበያ በኩል ደግሞ ከዚያም ዝቅ ይላል። ይሁን እንጂ ይህም ለፎጣው ከሚገባው ከእጥፍ በላይ ነው። ከ40 ዲግሪ የማያልፍ፣ እጅ ሳይሸሽ የሚችለው ለብ ያለ ውኃ ይበቃዋል። ቀዝቃዛውም ቢሆን ያጥባል። መተኮስ ፈጽሞ አያስፈልግም።

ሁለተኛው የልብስ ማለስለሻ ነው። ማለስለሻ ልብስን የሚያለሰልሰው በክሩ ላይ ስስ የቅባት ሽፋን ጥሎ በመቅረት ነው። ለሹራብ የተመቸው ሽፋን ለማይክሮፋይበር መርዝ ነው፤ ክፍተቱን ይደፍንበታል። ማለስለሻ የተቀላቀለበት የዱቄት ሳሙናም እንዲሁ ነው።

ሦስተኛው በረኪና ነው። በተለይ የናይለኑን ክር ስለሚያቃጥለው ፎጣው ይደርቃል፤ ይሰባበራል። ነጭ ስለሆነ ብቻ ፎጣን በረኪና ውስጥ መዘፍዘፍ፣ ለማንጣት ሲባል ንብረትን ማጥፋት ነው።

አራተኛው ከጥጥ ጋር ማጠብ ነው። ጥጥ ብናኝ ይጥላል፤ የማይክሮፋይበሩ ሥራ ብናኝ መያዝ ነውና ይይዘዋል። በቀጣዩ ቀን ያ ብናኝ በታጠበው መኪና መስተዋት ላይ ይገኛል።

አምስተኛው በአካባቢው በብዛት የሚታየው በአጥር ላይ ወይም በሣር ላይ የማስጣት ልማድ ነው። እሾህ፣ የገብስ ቆላና የገለባ ስባሪ በክሩ ውስጥ ተሰክተው ሲቀሩ በዓይን አይታዩም። ፎጣው ቀለም ላይ ሲደረግ ግን እያንዳንዱ ስባሪ እንደ መርፌ ይጭራል። የመንገድ አቧራም ከዚህ አይሻልም። በአቧራ ውስጥ ያለው ኳርትዝ የተባለው የአሸዋ ቅንጣት በማዕድናት የጥንካሬ መለኪያ ከ10 ውስጥ 7 የሚሰጠው ሲሆን፣ የመኪና ቀለም ከዚህ በእጅጉ የለሰለሰ ነው።

የአጠባው ቅደም ተከተል

ሥራው የሚጀምረው ከመለየት ነው። ለአካል ቀለም፣ ለመስተዋት፣ ለውስጥ ወንበርና ለጎማ የሚያገለግሉት ፎጣዎች በቀለማቸው ወይም ጠርዛቸው ላይ በሚሰፋ የተለያየ ክር ሊለዩ ይገባል። ናፍጣ፣ ግራሶ ወይም የተቃጠለ ዘይት የነካ ፎጣ አንድ ጊዜ ወደ ጎማና ወደ ሞተር ከወረደ ወደ ቀለም አይመለስም። መታጠቢያ ሳፋውም ለብቻ መሆን አለበት። መሬት ላይ የወደቀ ፎጣ በዓይን ንጹሕ ቢመስልም ሳይታጠብ ቀለም መንካት የለበትም። ትልቁ ጭረት የሚመጣው «ምንም አልነካውም» ተብሎ ከተነሣው ፎጣ ነው።

ቀጥሎ ፎጣውን ማራገፍና በንጹሕ ውኃ ብቻ ማጥለቅለቅ ነው። አፈሩ ሳይወጣ ሳሙና ከተጨመረበት ጭቃው ከአረፋው ጋር እየታሸ ወደ ውስጥ ይገባል።

ከዚያ 10 ሊትር በሚይዝ ባልዲ አንድ የሾርባ ማንኪያ የሚሆን ፈሳሽ ሳሙና መጨመር ይበቃል። የዱቄት ሳሙና ብቻ ከተገኘ አስቀድሞ ለብ ባለ ውኃ በሌላ ዕቃ ፈጽሞ ይሟሟ፤ ያልሟሟ ፍሬ በክሩ መካከል ይቀራልና። ብዙ ሳሙና ብዙ ንጽሕና ማለት አይደለም። ያልታጠበ ሳሙና ራሱ ቆሻሻ ነው። ፎጣው ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ይዘፈዘፍ፤ ሰም የነካው ሰፋ ያለ ጊዜ ይሰጠው።

ሲታሽ በመዳፍና በመዳፍ መካከል በቀስታ ነው። ድንጋይ ላይ መምታት፣ በቡሩሽ መፈተግና እንደ ጋቢ ለሁለት ይዞ መጠምዘዝ የተጠለፈውን ክር ከመሠረቱ ይነቅለዋል። ውኃው የሚወጣው በመጭመቅ ሳይሆን በመጫን ነው።

ማለቅለቁ አረፋው እስኪጠፋ፣ ቢያንስ ውኃውን ሦስት ጊዜ ለውጦ መሆን አለበት። ካልሲየም የበዛበት የጉድጓድ ውኃ የሚጠቀሙ፣ በመጨረሻው ባልዲ ላይ ግማሽ ስኒ አቼቶ ቢጨምሩ በክሩ ላይ የሚቀረውን ጨው ያሟሟል። ነገር ግን አቼቶና በረኪና በአንድ ዕቃ ፈጽሞ መገናኘት የለባቸውም። ሲቀላቀሉ ክሎሪን የተባለ መርዛማ ጋዝ ይወጣቸዋል፤ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ከሆነ አደጋው ከባድ ነው።

ማድረቁ በጥላ ሥር፣ ነፋስ በሚያገኘው ገመድ ላይ፣ ከመንገዱ አቧራና ከማድ ቤት ጢስ ርቆ ነው። ማይክሮፋይበር ውኃን በክሩ ውስጥ ስለማይዝ ከጥጥ ፈጥኖ ይደርቃል። በክረምት ወራት ግን በቆርቆሮ ክዳን ሥር እየተዘረጋ አየር ካላገኘ ይሻግታል። ያልደረቀ ፎጣ በፌስታል ተቋጥሮ መቀመጥ የለበትም። የደረቀው ግን ክዳን ባለው የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ቢቀመጥ ይመረጣል፤ ቀን ሙሉ በተንጠለጠለበት አቧራ ሲለቅም ከዋለ እጥበቱ ከንቱ ሆኗል።

የአጠባው ውኃ የት ይሄዳል?

እጣቢውም የሒሳቡ አካል ነው። የደጋው ሰው ሳሙና ሳይስፋፋ ሸማውን የሚያነጣው በእንዶድ ነበር። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 በዓድዋ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ባለው ወንዝ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ማየታቸው፣ የቢልሃርዝያን ተሸካሚ ለመከላከል ለሚያስችል ምርምር በር ከፍቷል። ከዚህ ታሪክ ላቫጆው የሚወስደው ትምህርት አለ፤ ይኸውም ወደ ወንዝ የሚለቀቅ እጣቢ ከታች ባለው ሕይወት ላይ ለክፉም ለደግም ውጤት እንዳለው ነው። ጮቄ ደግሞ ወደ ዓባይ የሚገቡ በርካታ ወንዞች የሚነሡበት ተራራ ነው። ማይክሮፋይበር ሲታጠብ ዓይን የማያያቸው የፕላስቲክ ብናኞች ይጥላል። እጣቢውን በአሮጌ ነጠላ አጥልሎ ዝቃጩን ከቆሻሻ ጋር ማስወገድ፣ የቀረውንም ከምንጭና ከጅረት አርቆ ማፍሰስ ወጪ የሌለው ጥንቃቄ ነው። ለፎጣው ራሱ ግን እንዶድ አይመከርም። በደንብ ያልተጠለለ የፍሬው ዱቄት በክሩ ውስጥ ይቀራልና።

ሲገዙ የሚታይ

ርካሽ የተባለ ፎጣ ሁሉ ማይክሮፋይበር አይደለም፤ ማይክሮፋይበር የተባለውም ሁሉ የተሰነጠቀ ክር የለውም። ገዢው መደብሩ ውስጥ ሊያደርጋቸው የሚችል ሦስት ፈተናዎች አሉ። አንደኛው የመዳፍ ፈተና ነው። የተሰነጠቀ ክር በደረቅና በሻከረ መዳፍ ላይ ሲጎተት ይይዛል። ሁለተኛው የውኃ ፈተና ነው። ጠረጴዛ ላይ በፈሰሰ ጥቂት ውኃ ላይ ሲቀመጥ መሳብ አለበት፤ ከፊቱ የሚገፋው ከሆነ ይቅር። ሦስተኛው ከጠርዙ የተመዘዘ አንድ ክር በክብሪት ማቃጠል ነው። ጥጥ እንደ ወረቀት ሸትቶ አመድ ይሆናል፤ ሰው ሠራሹ ቀልጦ ጠጣር ጠብታ ይተዋል።

ክብደትም ይታያል። በአንድ ሜትር ካሬ ከ300 እስከ 400 ግራም የሚመዝነው ለአጠቃላይ ጠረጋ፣ 500 ግራምና ከዚያ በላይ የሆነው ለማድረቂያ ይመረጣል። ጠርዙ በጠንካራ ክር የተሰፋና የፕላስቲክ ምልክት የተለጠፈበት ከሆነ ምልክቱ ተቆርጦ ይውጣ፤ ቀለም ይጭራልና። አዲስ ፎጣም ቢሆን ሳይታጠብ ሥራ ላይ መዋል የለበትም። ከፋብሪካ የመጣ ልቅ ክርና የሚለቅ ቀለም አለው።

ሒሳቡ ምን ይላል?

ለስሌት እንዲመች ብቻ፣ የገበያ ዋጋ ነው ሳይባል፣ አንድ ፎጣ 300 ብር፣ አንድ ላቫጆ ደግሞ 20 ፎጣዎች አሉት ይባል። በዚህ መሠረት በፎጣ ላይ የዋለው ካፒታል 6,000 ብር ነው። በወር 25 ቀን የሚሠራ ከሆነና እያንዳንዱ ፎጣ በየዕለቱ ከታጠበ፣ በስሕተት የሚታጠበው ፎጣ ከ25 አጠባ በኋላ ቢጣል የወሩ ወጪ 6,000 ብር ይሆናል። በጥንቃቄ ተይዞ 150 አጠባ ቢቆይ ግን ያው 6,000 ብር ለስድስት ወር ስለሚከፋፈል የወሩ ወጪ 1,000 ብር ብቻ ነው። ልዩነቱ በወር 5,000 ብር ነው። ለተጨማሪ ሳሙና፣ ለሁለት ሳፋና ለጉልበት 1,000 ብር ቢቀነስ እንኳ 4,000 ብር፣ በዓመት 48,000 ብር ይተርፋል። ይህ አዲስ ደንበኛ ሳይፈለግ፣ ዋጋ ሳይጨመር የሚገኝ ትርፍ ነው።

የውጭ ምንዛሪው ሁኔታም ሒሳቡን ያከብደዋል። ፎጣው ከውጭ የሚገባ ዕቃ ነው። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ካደረገ በኋላ፣ 57 ብር አካባቢ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። በዚህ ላይ በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በተከሰተው ግጭት መንገድ በተዘጋ ቁጥር ከአዲስ አበባ የሚመጣው ዕቃ በየመንገዱ ይቀራል። ዛሬ የተጣለውን ፎጣ ነገ በትናንቱ ዋጋ እተካለሁ ብሎ መተማመን አይቻልም። ባለው ዕቃ መቆየት የሚችል ነጋዴ በእንዲህ ያለው ጊዜ ተጠቃሚ ነው።

የመኪናው ዋጋና የደላላው ዓይን

ከላይ የተሠራው ስሌት የላቫጆው ብቻ ነው። ትልቁ ኪሳራ ግን የሚመዘገበው በሌላ ሰው መዝገብ ነው። የአንድ መኪና ቀለም ከነሽፋኑ በአብዛኛው ከ100 እስከ 150 ማይክሮን ይሆናል፤ ከአንድ ወረቀት ውፍረት ብዙም አይበልጥም። ከላይ ያለውና የሚያብለጨልጨው ሽፋን ከዚህ ውስጥ ሲሶ ያህሉ ነው። በቆሸሸ ፎጣ የሚመጣው የሸረሪት ድር የመሰለ ጭረት የሚያርፈው በዚህ ሽፋን ላይ ነው። ጭረቱን በማሽን አሽቶ ማጥፋት ይቻላል፤ ነገር ግን በታሸ ቁጥር ሽፋኑ ይሳሳል። ሽፋኑ ሲያልቅ የሚቀረው መቀባት ነው፤ የተቀባ መኪና ደግሞ ዋጋው ይወርዳል።

በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪናዎች ላይ ከባድ ታክስ መጣሉ፣ በጥር ወር 2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መንግሥት መወሰኑን ማስታወቁ፣ አገር ውስጥ ያለውን መኪና ጠብቆ ማቆየት የበለጠ ዋጋ እንዲኖረው አድርጓል። ለብዙ ነጋዴ መኪና መጓጓዣ ብቻ ሳይሆን ገንዘብ የተቀመጠበት ንብረትም ነው። ደላላ ሞተሩን ከማስነሣቱ በፊት መኪናውን ወደ ፀሐይ አውጥቶ ጎኑን የሚያየው ያለ ምክንያት አይደለም። አሜሪካዊው የኢኮኖሚ ምሁር ጆርጅ አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተሙትና በ2001 የኖቤል ሽልማት ካስገኙላቸው ሥራዎች ዋነኛ በሆነው ጥናት፣ ገዢው የማያውቀውን ሻጩ በሚያውቅበት የአሮጌ መኪና ገበያ መልካሙ ዕቃ ከመጥፎው ጋር በአንድ ዋጋ እንደሚገመት አሳይተዋል። የማይታየውን ሞተር ማወቅ የማይችል ገዢ የሚታየውን ቀለም ምስክር ያደርጋል። የተጫጫረ ቀለም ባለቤቱ መኪናውን እንደማይንከባከብ ይመሰክርበታል፤ እውነት ቢሆንም ባይሆንም።

የችግሩ ሥር ታዲያ እዚህ ላይ ነው። ፎጣውን የሚያጥበው አንዱ፣ በጭረቱ የሚከስረው ሌላው ነው። አጣቢው ለጭረቱ ካልከፈለ ለመጠንቀቅ የሚገፋፋው ነገር አያገኝም፤ ባለመኪናው ደግሞ ጭረቱ የመጣበትን ቀን አያውቅም። ይህን የሚያስተካክለው ራሱ ገበያው ነው። ለእጥበቱ ትንሽ ጨምሮ የሚከፍል ደንበኛ ለየብቻ የተለየ ፎጣ መጠየቅ ይችላል፤ ፎጣውን በግልጽ የሚያሳይ ላቫጆም ያንን ጭማሪ ሊጠይቅ ይገባዋል። የጭነት መኪና ያላቸው የሮብ ገበያ ነጋዴዎች በአንድ ላቫጆ በቋሚነት የሚያሳጥቡ ከሆነ ይህንኑ የስምምነታቸው አካል ቢያደርጉት ሁለቱም ያተርፋሉ።

ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ መጀመሪያው ቀላል ነው። ላቫጆው ከረቡዕ ገበያ በፊት ማክሰኞ ማታ ፎጣዎቹን በውኃ ይፈትን። ውኃ የሚጠጣው ለቀለም፣ የሚያመነታው ለመስኮትና ለበር ሥር፣ ውኃውን የሚገፋው ለጎማ ይመደብ። ባለመኪናው በበኩሉ ቁልፉን ከማስረከቡ በፊት አንድ ጥያቄ ይጠይቅ፤ «ፎጣችሁን የምታሰጡት የት ነው?» መልሱ አጥር ላይ ከሆነ፣ ሂሳቡ ርካሽ ቢሆንም እጥበቱ ውድ ነው።